የደሜን ውጤት አብሮኝ የሚሰማ ዘመድ ስለማጣቴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የውጤት መስጫ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የእኔን ጤና በተመለከተ ግን እርስዎ ከእኔ አብልጠው ስለሚያውቁት በዚህ በኩል አላደክምዎትም።

ከስድስት ወር በፊት በካንሰር ምክንያት ግማሽ ጨጓራዬ የወጣልኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ልጅ አልወለድንም፣ ወንድምና እህትም የለኝም። ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱን ይጠቁማል የተባለውን የደም ምርመራ ካደረግሁ አምስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ውጤቱም እርስዎ ዘንድ ነው። ስለ መስተንግዶዎ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የጨጓራዬን ባክቴሪያ ውጤት ወዲያውኑ፣ ያውም ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ በመስኮት ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። በሁለት ሳምንት መድኃኒት ጠፍቷል ተባልኩ። ሐኪሙ እንዳሉኝ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ሳይሆን አይቀርም፤ የቀረኝ ደባል እሱ ብቻ ነበርና እሱንም አስወጣችሁልኝ።

፪. የደሙን ውጤት ግን ለታማሚ ለብቻው መንገር ክልክል መሆኑን፣ ቤተሰብ አብሮ ሰምቶ መፈረም እንዳለበት ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንዳልደነግጥ አስባችሁልኝ ነው። ጸሐፊዎ «ጋሼ፣ ሰው ይዘው ይምጡ» ያሉኝ በትሕትና ስለነበር፣ ሰው ከየት እንደሚመጣ ሳልጠይቃቸው ተመለስኩ።

፫. ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን አምኜ፣ ጫማ ጠጋኙን ጎረቤቴን ሥራ አስፈትቼ አመጣሁት። ቅጹ ከትዳር ጓደኛ፣ ከልጅ፣ ከወንድምና ከእህት ሌላ ቦታ የለውም፤ እሱ ደግሞ ውሸት የማይሆንለት የዋህ ሰው ነውና «ጎረቤቱ ነኝ» ብሎ ሁለታችንንም አስመለሰን። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ሲለኝ፣ እኔም ሳጽናናው ቤት ደረስን።

፬. የሰው ወገብ ስለካ የኖርኩ ሰው፣ አሁን በየማለዳው የራሴን ወገብ በሜትር እለካለሁ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል። ከበሽታው ይሁን ወይስ ብቻዬን መብላት ስላስጠላኝ፣ የሚያውቀው እርስዎ ያስቀመጡት ወረቀት ነው። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ውጤቱ ቢከፋ የሚይዘኝ የለም፤ ቢያምርም ሮጬ የምነግረው የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ያ እንደማይቻል አውቃለሁ። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጊዜ ያለው፣ «ወንድሙ ነኝ» ወይም «እህቱ ነኝ» ብሎ ለመፈረም የሚደፍር አንባቢ ካለ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ግራጫ ኮት ለብሼ እጠብቃለሁ። ውጤቱን ከሰማን በኋላ የዘመድነት ግዴታ አይኖርበትም።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤናና ቤት የማይበቃው ዘመድ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሰው ይዞ እንዲመጣ የተነገረው ታማሚዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ስወጣ የአስከሬን ክፍላችሁን ማስታወቂያ አነበብኩ። በሦስት ቀን ውስጥ ዘመድ ያልመጣለትን ሰው ሆስፒታሉ ራሱ ይቀብረዋል ይላል። ለካስ ያለ ቤተሰብ የምታስተናግዱበት ክፍልም አላችሁ።