በዘይት የራሰው ፍሪሲዮን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም የመኪናዬ ጥርስ ተበላ። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። ጓሮ ውስጥ በሪሞት ሳስነሣት አንድ ጊዜ ጮኸችና ቆመች። ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። ከፍቼ ሳየው ትልቁ ጥርስ ከምንለው ጥርሳም ክብ ላይ አምስት ያህል ሹሎች ተልጠው ወርደዋል።

ይኼን ደብተር የሚያነበው የለም፤ ስለዚህ ልናገር። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ በሪሞት የሚሄድ የውድድር መኪና አለኝ። ክንድ የምታህል፣ ቀይ። ወንድሜ አያሌው ልጆቹ ሲሰለቿት ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ናት። ስሰፋ ጨርቁ በመርፌው ሥር ሲሄድ መንገድ ይመስለኛል። አንዳንዴ አንድ ሱሪ እስክጨርስ ደብረ ማርቆስ ደርሼ እመለሳለሁ።

እሑድ ቡሬ ላይ ውድድር አለ። ስድስት መኪና። ደሳለኝ የሚባል በያጅ ነው የሚያዘጋጀው፤ ስሜን ጽፎታል።

አባየ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ "ቅድም ምንድን ነው የጮኸው?" አሉኝ።

"የጎረቤት ልጆች መጫወቻ ነው" አልኋቸው። ዋሸሁ።

ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው የነዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እኔ ዘንድ ናቸው። አያሌውን መሪ አስይዘው አስተማሩት። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ስለምናቸው "አንች ተይው" አሉ። በቃ፣ ይችው ነበረች። መኪናዋን ባሳያቸው ያችን ቃል የሚደግሟት ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አያሌው የላከው መለዋወጫ ጥርስ በሚኒባስ ደረሰ። አንድ ብቻ። ይኼ ከተበላ እሑድ የለም።

ገጠምሁት። በትልቁና በትንሹ ጥርስ መሐል የልብስ ንድፍ የምቆርጥበትን ወረቀት አስገብቼ አጠጋኋቸው። ወረቀቱ ሳይቀደድ ተጨማዶ ወጣ። ክፍተቱ ልክ ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ጓሮ ድረስ ነበር። ያስቸገረኝ ፍሪሲዮኑ ነው። ትልቁን ጥርስ ሁለት ክብ ሸራዎች በሞላ ተጨቁነው ይይዙታል። መኪናዋ ዘላ ስታርፍ ትንሽ ተንሸራተው ጥርሱን ማዳን አለባቸው። ዳዶውን ሳላላው ዝም ብሎ ይንሸራተታል፣ አትሄድም። ሳጠብቀው ጨርሶ አይንሸራተትም፣ ጥርሱ ይበላል። መሐሉን አጣሁት።

አላልቼ ሞከርሁ። ሞተሩ ያላዝናል፣ እሷ እንደታመመ ሰው ትጎተታለች። አንዳች ነገር ይሸታል።

ከበር በኩል የአባየ ድምፅ መጣ። "ኧረ ፍሪሲዮኑን አቃጠልሽው!"

"አቃጠሉት" አላሉም። "አቃጠልሽው" አሉ። መቼ ነው ያወቁት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት "እስቲ አምጫት" አሉኝ። ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። በጣታቸው ዳበሷት፤ ጎማዋን፣ ሞላዎቿን፣ ሆዷን። ከየት አመጣሽው አላሉም። ፍሪሲዮኑን ፈትቼ መዳፋቸው ላይ ሳኖረው አሸተቱት።

"ዘይት ቀብተሻል?"

"የስፌት መኪናውን ዘይት። እንዲለሰልስ ብየ።"

"አይ ልጄ! ፍሪሲዮን ደረቅ ነው የሚወድ። አንች ዘይት ታጠጭዋለሽ፣ እሱ ይንሸራተታል፤ አንች ታጠብቂዋለሽ፣ ጥርሱ ይበላል።" ሳቁ። ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው ነው።

ሦስቱንም ጥርስ የበላሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ስረግም የነበረው ፋብሪካውን ነው።

ሸራዎቹን በቤንዚን አጠብን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን። አንደኛው ተቃጥሎ ኖሮ እጄ ላይ ተሰነጠቀ። አባየ "ይኼስ አበቃለት" አሉ። እኔ ግን ቦርሳ ስጠግን የተረፈኝ ቆዳ ነበረኝ፤ በመቀስ ከብቤ ቆርጬ በተሰነጠቀው ፋንታ አስገባሁት። እዚህ ላይ ማንም አያስተምረኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፣ ስፌት የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባየ ክንዴን ይዘው ሜዳው ላይ ወጣን። ከወዲያ ማዶ የተሰጣ በርበሬ መስኩን አቅልቶታል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "አላይው... ትንሽ ጨምሪ... በቃ! እዚያው ላይ።" ልዩነቱ ሩብ ዙር አይሞላም። ስትነሣ "ሽው" ትልና ትይዛለች። ያችን "ሽው" እኔም ለየኋት።

ከዚያ በኋላ የት እንደሄድሁ እንጃ። እሷ ትዞራለች፣ ደመናው ይሄዳል። እኔ ውስጧ ተቀምጫለሁ፣ መስኮቱ ወርዷል፣ ነፋሱ በርበሬ በርበሬ ይላል፣ መንገዱ አያልቅም። አባየ "ባትሪው እኮ አለቀ" ሲሉኝ መኪናዋ ሜዳው መሐል ቆማለች። እኔ ሪሞቱን እንደጨበጥሁ ነኝ።

"እሑድ እኔም እመጣለሁ" አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ባትሪ ሁለት፣ ሞልተዋል። ካቻቢቴ። ፒንሳ። ትርፍ ቆዳ፣ ሦስት ክብ። ትርፍ ጥርስ የለም።

መንገዱ ሰላም ነው አሉ። ጠዋት ደግሞ እጠይቃለሁ።

ቆዳው እስከ መጨረሻው ይችል ይሆን? ይኼን ሳስብ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከመጨረሻው ልጀምር። አራተኛ ወጣሁ። ጥርሱ ደኅና ነው!

አሥር ዙር ነበር፤ አፈር ቆልለው መዝለያ ሠርተዋል። እስከ ስድስተኛው ዙር ሁለተኛ ነበርሁ። ሰባተኛው ላይ ከመዝለያው ስወርድ ከአንድ ሰማያዊ መኪና ጋር ተጋጭቼ ተገለበጥሁ። (ተገለበጥሁ እላለሁ፤ እኔስ ዳር ቆሜያለሁ።) ደሳለኝ ሮጦ በጎማዋ አቆማት። በቃ ጥርሱ ሄዷል ብየ ሪሞቱን ተጫንሁ። ሽው አለችና ያዘች።

አባየ መወዳደሪያውን ያጠረው ገመድ ዳር ነበሩ። አንድ ሰው "የትኛዋ ናት የእናንተ?" ቢላቸው "ይችትና፣ አሁን ያለፈችው" ብለው በጣታቸው አሳዩት። አልተሳሳቱም። "የምትነዳት ልጄ ናት" ብለው ጨመሩለት። ይኼን ደሳለኝ ነው የነገረኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ማንኩሳን እንዳለፈ እጄን ፈልገው ያዙ።

"ያኔ ስትለምኝኝ" አሉ፣ "በዚያው ሳምንት ዓባይ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎኝ ነበር። ለማንም አልተናገርሁ። አንች መሪ ስትይ ያ ቁልቁለት መጣብኝ። ፈርቼ ነው እንጂ አትችልም ብየ አይደለም።"

 በመስኮት የታጨደ ጤፍ አያለሁ፤ ክምሩ ሁሉ ወደኋላ ይሮጣል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ደስ ብሎኝ የምነቃ መስሎኝ ነበር፤ ተናድጄ ነቃሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! "ፈራሁ" የምትል አንድ ቃል ነበረች የቀረችው።

"ተናድጄብዎታለሁ አባየ" አልኋቸው። እንዲህ ብየ አላውቅም። 

"ይገባሻል" አሉ። ተነሡና ጋቢያቸውን አጣፉ። "የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ወዴት ነው? ውሰጅኝ።"

ቀስ እያልን ሄድን። ጸሐፊዋ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። "ሠልጣኙ ማነው?" አለች። አባየ ትከሻዬን ይዘው ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝ።

የዓይን ምርመራ አለ፣ የጽሑፍ ፈተና አለ። ትምህርቱ የሚጀምረው ሰው ሲሞላ ነው፤ መቼ እንደሚሞላ አይታወቅም አለችን። ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛው ስም የኔ ነው።