መስኮቱን ዘግቼ አልሞከርኩትም

ውድ ጋሽ ቀስ በሉ፣

ስልክ አታነሳም፤ አልፈርድብህም። በወረቀት የመጣሁብህ ለዚህ ነው። ተቆጣ፣ ግን ሳትጨርስ እንዳትቀደው።

ለላቦራቶሪው ኮምፒውተር የሠራኸው የሰዓት ቆጣሪ ፕሮግራም ያን ቀን ለምን እንዳልጮኸ አግኝቼዋለሁ። የደም ናሙናው ሰዓቱ አልፎበት ተበላሽቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው እንደገና ደም ሲሰጥ፣ ደም ሥራቸው አልገኝ ብሎ ክንዳቸው የጠቆረው እናት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም።

ሦስት ቀን ሙሉ ስሌትህን ስበረብር ነበር። የሠላሳ ደቂቃውን ቆጠራ ወደ አሥር ሰከንድ አወረድኩት፤ ጮኸ። ድምፅ ማጉያውን ቀየርኩ፤ አሁንም ጮኸ። ሲሰለቸኝ ላቦራቶሪው ሄጄ ከእትዬ ባለሙያዋ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ናሙናውን አስገቡ፣ ቆጠራውን አስጀመሩ፣ ከዚያ ጥግ ላይ ያለችውን የመዝጊያ ኤክስ ተጭነው የፕሮግራሙን መስኮት ከስክሪኑ ላይ ዘጉት።

"ምነው ዘጉት?" አልኳቸው።

"የኮምፒውተሩን ቁልፎች በአልኮል ልወለውላቸው ነዋ! ክፍት ትቼው የማይነካ ነገር ብነካስ?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እስኪጮህ እጠብቃለሁ።"

ጉድ በል ጋሼ! ቆጣሪውን የሠራኸው መስኮቱ ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ እሱም አብሮ ይሞታል። እትዬ የሚጠብቁት የሞተውን ነበር።

ቆጣሪውን ከመስኮቱ አውጥቼ ለብቻው አቆምኩት። መጀመሪያ ባሰበት፤ የፈረሰ ቤት በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ በተዘጋው መስኮት ላይ ቁጥር ልጻፍ እያለ ፕሮግራሙን በሙሉ ይዞት ወደቀ። አሁን መስኮቱ መኖሩን ሳያጣራ አይነካውም። ኤክሷ ስትጫንም "ቆጠራው አላለቀም፤ ከበስተጀርባ ይቀጥላል" ይላል። በእትዬ ጨርቅ ቁልፎቹን እየወለወልኩ ሃምሳ ጊዜ ዘጋሁት። ሃምሳውንም ጊዜ ጮኸ። እትዬ "በቃ ልጄ፣ ጆሮዬን!" ብለው አባረሩኝ።

አሁን ወደዋናው ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩት ፈርቼ ነው።

ናሙናው ከተበላሸ በኋላ በተጠራው ስብሰባ አለቃችን "ይሄን ማነው የሞከረው?" ሲል አየኸኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። አንተ "ኃላፊነቱ የኔ ነው" ብለህ ሥራውን ለቀህ፣ ኩባያህን ይዘህ ወጣህ፤ እኔም እስከ በሩ እንኳን አልሸኘሁህም። የሞካሪ ፊርማ የሚሰፍርበት ቦታ ባዶ መሆኑን ማንም አላየም። "ቀስ በሉ፣ ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት ጠይቁ" ስትለን የሳቅኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ምሳ ልሄድ ስል መስኮቱን አንዴ እንኳን ዘግቼ አልሞከርኩትም። አፍሬያለሁ ጋሼ፣ በጣም አፍሬያለሁ።

ነገ ጠዋት ስብሰባው ላይ ቆሜ ይህንኑ ደብዳቤ ለሁሉም አነባለሁ። ያባርሩኝም ይሆናል፤ ያባርሩኝ። ተመለስ ብዬ አላስጨንቅህም፣ ያ ያንተ ፈንታ ነው። ስምህ ግን በኔ ጥፋት ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳን አይነሳም። በባዶው ቦታ ዛሬ ፈርሜያለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

የሞከርኩት እኔ ነኝ።

ታናሽህ