ተራዬ ከመስታወቱ ማዶ

ልጄ ሆይ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሐኪሙ ከዘራ ያዝ ቢለኝም እምቢ ብያለሁ።

ለአርባኛ ዓመት ጋብቻችን በዚያ የሀብታሞች ምግብ ቤት ያስያዝሽልን ምሳ ደረሰን። ፋብሪካው ተዘግቶ ሰፈሩ ሁሉ ለዳቦ ሲሰለፍ እኔ እዚያ ልቀመጥ? አልሄድም ብዬ ነበር። እናትሽ ግን ቀሚሷን ተኩሳ ጠበቀችኝ። ከሥራ ከተሰናበተች ወዲህ ስቃ አታውቅምና ተከተልኳት።

የምግቡን ዝርዝር ራሴን ባስተማርኩት ንባብ ሁለቴ አነበብኩት፤ ምግብ አላገኘሁበትም። ሳህኑ የመኪና መሪ ያህል ነው፤ የመጣልን ነገር የሸሚዝ ቁልፍ ያህል። በመስታወቱ ማዶ የዳቦው ሰልፍ ይታየኛል። ጠዋት ተራ ያስያዝኩበትን ዘንቢሌን ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው በእግሩ እየገፋ ያስጠጋልኛል። ተራዬ ሲደርስ ቆቡን አውለበለበልኝ። ተራ ደግሞ ተራ ነው! የምግብ ቤቱን ፎጣ ካንገቴ ሳልፈታ መንገዱን ተሻግሬ ዳቦዬን ይዤ ተመለስኩ።

«አባባ፣ የውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው» አለኝ አስተናጋጁ።

«እንግዲያው የውስጡን አምጣልኝ!»

ዳቦውን ቆርሼ ሳህኑን ጠረግኩበት። እናትሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አስተናጋጁም ግራ ቀኝ አይቶ እጁን ዘረጋ፤ ቆርሼ ሰጠሁት።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። ከእንግዲህ ምሳ አትላኪልን፤ ራስሽ ነይ። ሰልፉ ላይ ከዘንቢሌ ኋላ የልጅነት ቅርጫትሽን አስቀምጫለሁ። ጫማ ሰፊው «የማን ነው?» ቢለኝ «መንገድ ላይ ናት» ብዬዋለሁ። አታስዋሺኝ።

አባትሽ