ደረቅ ክልክል ነው

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ወንድም ጋሼ ዛሬም ሦስት ጉርሻ ብቻ። ሦስተኛዋን ለእኔ ብሎ ነው የዋጣት፣ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። የተረፈውን ወጥ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሐራ የልጅ ልጆች ሰጠሁ። እነሱ ድስቱን አጥበው መለሱልኝ፣ የእኛው ሰውዬ ግን ሽታው እንኳን አስጠላኝ አለ።

“ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለኛል” ይላል ወንድም ጋሼ። “ምስማር የምጠባ ነው የሚመስለኝ።” ከመድኃኒቱ ነው ብለውናል። ገና ሁለት ዙር ይቀረዋል።

ትናንት ሐኪሙ ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ያለኝን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ክብደቱ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ገብቷል። የፊታችን ሰኞ ሲመዘን ከዚህ ከወረደ መድኃኒቱን ያቆሙታል፣ ሰውነቱ አይችለውም። ካቆሙት ደግሞ… እሱም አልጨረሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለጋሼ “ደህና ነህ ብሏል፣ ብቻ ብላ” ነው ያልኩት።

የሐኪሙ ትእዛዝ፣ እንዳልረሳ፦
ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ።
እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ።
ከምግብ ጋር አንድ ትንሽ ብርጭቆ ወይን ይፈቀድለታል፣ አፉን ከከፈተለት።
ደረቅ መጠጥ በፍጹም!

የመጨረሻውን በቀይ እስክሪብቶ “ደረቅ ክልክል ነው” ብዬ ለብቻው ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ጋሼ አንብቦት አለፈ። ወይን ተፈቅዷል ስለው ግን ቅንድቡ ተነሳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፒያሳ ምግብ ቤት ያስተናገደ ሰው ነው። እንግዶቹ ምግቡን ይመርጡ ነበር፣ ወይኑን የሚመርጥላቸው እሱ ነበር ይባላል። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ እኔን ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ በዚያ የአስተናጋጅ ነጭ ኮት ነው። እኔ ደግሞ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ስለ ወይን የማውቀው ቀይና ነጭ መኖሩን ብቻ። ይሄን አላስተማረኝም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ከሥራ ስወጣ ሱፐርማርኬት ገባሁ። አምስት ኪሎ ከምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በታች ያለው። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ሩብ ሰዓት ያህል ጠርሙስ አየሁ። አንዱ ፈረስ አለው፣ አንዱ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት አለው። ሰው እንዴት ነው የሚመርጠው? አፉን ብረት ብረት ያለው ሰው ጣፋጭ ነው የሚያሻው ብዬ ያገር ቤቱን ጣፋጭ ቀይ አነሳሁ። በራሴ ኮራሁ።

ጋሼ ብርጭቆውን ከእግሩ ያዘ። ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ቀለሙን አየ፣ አሸተተ፣ አንድ ጊዜ ቀመሰ። አስቀመጠው።

“ሂሩት፣ ይሄ ለሳል ነው።”

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ግማሽ እንቁላል በልቶ ተኛ።

ልናዘዝ፦ የተረፈውን ወይን ወጥ ቤት ቆሜ ጠጣሁት። ምን ሆኖ ነው? ጥሩ አድርጎ ይጣፍጣል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

በግምት አይሆንም ብዬ ሰብስቤ ጋ ሄድኩ። ሰብስቤ ያኔ ጋሼ ከሚሠራበት ምግብ ቤት ሁለት በር አልፎ ግሮሰሪ የነበረው ነው፣ ሁለቱ ሲተራረቡ ነው ያረጁት። ፒያሳ ሲፈርስ ግሮሰሪውን ወደ አምስት ኪሎ አመጣው። ባንኮኒውን ከነጭረቱ ተሸክሞ ነው የመጣው፣ እሱን አስፈርሼ የት እደገፋለሁ ይላል።

ለጋሼ ወይን ፈልጌ መጣሁ ስለው ፊቱ በራ። አንድ ጠርሙስ አወረደና “በይ፣ ይሄ ደረቅ…” ሲል በሁለት እጄ ከለከልኩት።

“ደረቅ እንዳታሳየኝ! ሐኪም ከልክሎታል።”

“ኧረ ስሚኝ…”

“አልሰማም። ደረቅ ያልሆነ ስጠኝ።”

“ጋሽ ታደሰ? ጣፋጭ?” ብሎ ተገረመ። ሌላ ደንበኛ ገባበት። ወርቅ የመሰለ ጣፋጭ ነጭ፣ ከጣልያን የመጣ ነው የተባለ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ስወጣም አንገቱን ይነቀንቅ ነበር።

ቤት ስከፍተው የኮክ ሽታ አለው፣ የማር ሽታ አለው። ዛሬስ አገኘሁት አልኩ። ጋሼ ቀመሰና ዐይኑን ጨፈነ።

“ምስማሩን ማር ቀባሽልኝ።”

ከዚያ የፈራሁትን ተናገረ። ቀስ ብሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፦ “ደረቅ የለም እንዴ?”

“በቀይ የተጻፈው አይታይህም? ልትሞትብኝ ነው የምትፈልገው?” አልኩት። ጮኬ ነው ያልኩት፣ እትዬ ዘሐራ በግድግዳው ሳይሰሙኝ አልቀሩም። ጋሼ ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምንም አልበላም፣ አንድ ማንኪያ እርጎ እንኳን።

ባለፈው ወር “ይብቃኝ መሰለኝ፣ ሂሩት” ብሎኝ ነበር። ያኔ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

አልተነጋገርንም። ምግብ አስቀምጣለሁ፣ አነሳለሁ።

ጠዋት ቁም ሳጥኑን ስፈትሽ እንግዳ ያመጣው አረቄ አገኘሁ፣ ግማሽ ጠርሙስ። ይሄንን አይቶ ነው ደረቅ ያለው አልኩ። በነጠላዬ ሸፍኜ እትዬ ዘሐራ ዘንድ ወሰድኩት፣ እስከ ሰኞ ያስቀምጡልኝ ብዬ።

“እኔ ቤት? አረቄ?” አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። “ልጄ፣ ወንድምሽን አላህ ይማርልሽ። ለእኔም ግን እዘኚልኝ እንጂ፣ የእሪ በከንቱ ሰፈር ሰው ምን ይለኛል?”

አፈርኩ። ውኃ መውረጃው ውስጥ ደፋሁት። ቤቱ ለሁለት ሰዓት ያህል አረቄ ቤት አረቄ ቤት ሸተተ። ጋሼ ከመኝታው “ማን ሞቶ ነው አረቄ የሚጠጣው?” አለ። የዕለቱ ንግግራችን ይቺ ብቻ ናት።

የበላው፦ አንድ ሙዝ። ሰኞ ሦስት ቀን ቀራት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔን ነው።

ግማሽ ቀን ሠርቼ በቀጥታ ሰብስቤ ጋ ሄድኩ፣ ልጣላው። “አንተ ነህ አይደል ደረቅ ያስለመድከው?” አልኩት፣ ሰላም እንኳን ሳልል።

“ኧረ እሱ ነው እኔን ያስለመደኝ! ጋሽ ታደሰ ዕድሜ ልኩን ደረቅ እንጂ ሌላ መች ጠጣ?”

“ሐኪም ከልክሎታል አላልኩህም?”

“ወይን ከልክሎታል?”

“ወይንማ ፈቅዷል። የከለከለው ደረቅ ነው።”

ሰብስቤ ለአፍታ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደፋ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነው።

“ሂሩትዬ፣ ደረቅ መጠጥ ሌላ፣ ደረቅ ወይን ሌላ! ደረቅ ወይን ማለት አረቄ የገባበት አይደለም። ስኳሩ በሙሉ ፈልቶ አልቆ፣ ጣፋጭነት ያልቀረው ወይን ነው። በቃ።” ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አቁሞ የተጻፈውን የአልኮል ቁጥር አሳየኝ። ኃይላቸው ምንም ያህል አይለያይም።

“ታዲያ ለምን ደረቅ ይሉታል? እርጥብ አይደል እንዴ?”

“ፈረንጅን ጠይቂው። ደረቅስ አንቺ ነሽ፣ ሐሙስ ልነግርሽ ስል መች አስጨረስሽኝ!”

ለማንኛውም ብዬ እዚያው ቆሜ ለሐኪሙ ደወልኩ። እሱም ሳቀ። “እኔ ያልኩት አረቄ፣ ጂን፣ ኡዞ ነው። ወይኑን እሳቸው የወደዱትን ይቅመሱ፣ መጠኑ ብቻ አይለፍ።” ዛሬ አራዳ በሙሉ የሳቀው በእኔ ነው።

ሰብስቤ እንደ ሐኪም ጠየቀኝ። ምን ምን ይለዋል? መቼ ይብስበታል? ከዚያ ቀዩን ተይው አለኝ፣ ቀይ ደረቅ ጥርስን ጨምድዶ ስለሚይዝ ብረቱን ያነሳበታል። ነጭ ይሁን፣ ደረቅ ይሁን፣ እንደ ሎሚ ቆምጠጥ ይበል፣ በደንብ ይቀዝቅዝ። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ መረጠልኝ። መለያው ላይ ፈረስም ቤተ መንግሥትም የለው።

ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ። ስንት ሳምንቴ ነው ይሄን ሳቅ ከሰማሁ።

“ስለዚህ ነው ሽሮፕ ስታጠጪኝ የከረምሽው?”

“አዎ።”

“እኔ ደግሞ አብዳለች ብዬ ነበር።”

ልከፍተው ስል ከለከለኝ። ወይን ያለ ምግብ አይከፈትም፣ ዓሣ ይገዛና ነገ ለምሳ ይሁን አለ። ነገ ለምሳ! ራሱ ነው ያለው። በኋላ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ከቀዩ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ “ከወይን በስተቀር” ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ ይንቀጠቀጣል።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ጊዮርጊስ አስቀድሼ ዓሣውን ይዤ ገባሁ። ጋሼ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀኝ። አንገቱ ዙሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ሸሚዝ።

ጠርሙሱን ከእጄ ቀማኝ። ቡሹን ለመንቀል ሁለት ጊዜ አረፈ። ልርዳህ አላልኩትም፣ ምላሴን ነክሼ ነው። ሲከፈት ድምፅ አላሰማም። ጥሩ አስተናጋጅ ቡሽ አያስጮህም አለኝ፣ የሚያስጮኸው ጉራ የሚወድ ነው።

ከዚያ አስተማረኝ። ብርጭቆውን ከሆዱ ሳይሆን ከእግሩ ያዢ፣ እጅሽ ያሞቀዋል። ሲሶውን ብቻ ሙዪ፣ የቀረው ለሽታው ነው። መጀመሪያ አሽትቺ። ምን ሸተተሽ?

“ወይን።”

“ሌላስ?”

ሌላ? ደግሜ አሸተትኩ። የሎሚ ልጣጭ። ከዚያ ደግሞ ዝናብ ሲጥል የኛ ግቢ ድንጋይ የሚሸተው ነገር። ያልኩት ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እሱ ግን ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። “ይኸው፣ አፍንጫ አለሽ” አለ። ስቀምሰው አፌን ሰበሰበው። ቶሎ አልወደድኩትም። በሁለተኛው ከዓሣው ጋር ሲሆን ግን ዓሣውም ወይኑም ሌላ ነገር ሆኑ፣ አንዱ አንዱን ጠራው። ለካ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይሄን ነው ሲያስብ የኖረው።

እሱን እያየሁ ነበር። አንድ ቀመሰ። አፉ ውስጥ አቆየው። ዋጠ።

“ሎሚ” አለ። “ሂሩት፣ ሎሚ ነው።” ዐይኑ እንባ ሞላ።

ሙሉውን ቁራጭ በላ። ቀጥሎ ከእኔ ሳህን ግማሽ ወሰደ፣ ሳይጠይቅ፣ ልጅ ሆኜ ከሳህኔ እንደሚወስደው። ወይኑን ከአንዲት ብርጭቆ አላለፈም።

ሳህን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

“በይ አሁን ሐኪሙ ያለሽን ንገሪኝ። ሳታጣፍጪ።”

አላለቀስኩም። አርባ ዘጠኝ ኪሎ አልኩት። ነገ ከዚህ ከወረድክ ያቆሙታል አልኩት። ካቆሙት በኋላ ያለውን ግን እኔም አላውቅም፣ መጠየቅ ፈርቼ ነው። “ይሄን ማክሰኞ ብትነግሪኝ ሽሮፑንም ቢሆን እጠጣልሽ ነበር” አለኝ። ለደግ ብዬ የደበቅሁት ነገር እንዲህ አሳፍሮኝ አያውቅም። ለእራት ሁለት እንቁላል ጠየቀ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ጠዋት የግቢው ጓጉንቸር ጠፋ። ፈለግሁ፣ የለም። በሩን እትዬ ዘሐራ እንዲያዩልኝ አደራ ብዬ ወጣን። ታክሲ ውስጥ ጋሼ በመስኮቱ ሲያይ ሄደ። ሱሪው በአንድ በኩል ወረድ ብሏል፣ ከከሳ ወዲህ ቀበቶ አይይዘውም ብዬ አለፍኩት።

ነርሷ ካፖርቱን አስወልቃ ሚዛን ላይ አወጣችው። ሃምሳ ሊሞላ ምንም አልቀረው! እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ጮህኩ፣ ነርሷ ሳቀችብኝ። ኮሪደር ላይ ሐኪሙን ልንጠብቅ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ግን ኪሱ እንጨቱን ቋ አደረገው።

“ምንድነው እሱ?”

“ምንም።”

“ወንድም ጋሼ።”

ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣው። ያ ትልቁ፣ የአባታችን ጓጉንቸር፣ ከነቁልፉ።

“አንቺ አይደለሽም ከወረድክ ያቆሙታል ያልሽኝ?” አለ፣ ወለሉን እያየ። በሰባ አንድ ዓመቱ ኩረጃ የተያዘ ተማሪ መስሏል።

መድኃኒቱን የሚለኩት በዚያ ሚዛን ስለሆነ ወደ ነርሷ መለስኩት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ደግማ መዘነችው። አርባ ዘጠኝ ኪሎ፣ ከትንሽ ነገር በላይ። ያቺን ትንሽ ነገር ሐኪሙ ራሱ ጎንበስ ብሎ አያት። “አልወረደም” አለ። “ሐሙስ እንቀጥላለን።”

ስንመለስ ጋሼ ራሱን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ እንቅልፍ ወሰደው። ሐሙስ መድኃኒቱን ሲወስድ ምስማሩ ይመለስ ይሆናል፣ ሎሚውም ይጠፋ ይሆናል፣ አላውቅም። ጓጉንቸሩ ጭኔ ላይ ነበር። ስንት ቀን ሙሉ ሊሞት ይፈልጋል ብዬ ስፈራ የከረምኩት ይሄንን ብረት ተሸክሞ ሚዛን ላይ የወጣውን ሰው ነው። ታክሲው ምኒልክ አደባባይ እስኪደርስ ድረስ አለቀስኩ፣ እንዳልቀሰቅሰው ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ።