የወገቡ ስፌት

ለልጄ፣

ሰላምታውን ካስቀደምኩ ነገሩን እሸሸዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። እናትሽን ዋሽቻታለሁ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆነ። እስከ ዛሬ ስጸልይ እንኳ ይችን ነገር እየዘለልኳት ነው የኖርኩት፣ ፈጣሪ የማያያት ይመስል።

አሁን ሰላምታው። እንደምን ነሽ ልጄ? በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናሽን እየሰማሁ እንዲህ ብዬ ስጽፍ ሳቅሽ ሳይመጣ አይቀርም። ግን ይህ በሽታ ቤታችን ከገባ ወዲህ እንደምን አደርክ የምባለው ሁሌ እኔ ነኝ፤ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም። ሳልሽ ለቀቀሽ? ምሳሽንስ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ከመኪናው ሳትነሺ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። አፌ ከቆሰለ ጀምሮ ምራቄን መዋጥ እሾህ እንደ መዋጥ ሆኖብኛል፤ በቃል የማልነግርሽም ለዚህ ነው። ለዚህ ብቻ ግን አይደለም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ጣቶቼ ስለደነዘዙ እስክሪብቶውን የያዝኩት በዓይኔ ነው።

እናትሽ የካንሰር መድኃኒቱን፣ ኬሞውን ስትጀምር አንቺ አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር፤ እንዳታዪ ብለን አክስትሽ ዘንድ ላክንሽ። አራተኛውን ዙር ከወሰደች በኋላ አፏ እንደ እኔው ቆሰለ፤ ለሐኪሙ የምናገርላት እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ወረፋችን ሲደርስ መቆም አቃታት፤ መተላለፊያው ላይ አግዳሚው ላይ እንደተጋደመች እጄን ያዘችና ይብቃኝ በልልኝ አለችኝ። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል። መድኃኒቱን እኔ ልውጠው ሲገባ እሱ እየዋጠኝ ነው አለች። በዚያ ሰዓት እንኳ ቀልድ አላለቀባትም።

ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሙ እንዴት ናት ሲለኝ፣ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትጨርሰዋለች አልኩት። ውጪ ሰው ሞልቶ ተሰልፏል፤ አመነኝና የሚቀጥለውን ዙር ፈረመ። ስወጣ ምን አለ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እምቢ አለ አልኳት። የቀረሽ ሁለት ብቻ ነው፣ አሁን አይቆምም ብሏል አልኳት። እናትሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ዳግመኛም አልጠየቀችኝም።

ስድስተኛውን በወሰደች በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፈች። ብታቆም ትድን ነበር አልልሽም፤ እንደማትድን ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮኛል። የወሰድኩባት ዕድሜዋን ሳይሆን የመጨረሻ ሳምንቶቿን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ልትሞቅባቸው የምትችላቸውን ቀናት ባልዲ ላይ አጎንብሳ ጨረሰቻቸው። ስለምወዳት ነው ስል ኖሬያለሁ። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ ፈርቼ ነው። ባዶ ቤት ፈራሁ።

ውሸት ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ ድጋፍ ይሻል። እየከሳች ስትሄድ ቀሚሶቿ ሰፉባት። እሷ ስታሸልብ እየወሰድኩ ጎንና ጎናቸውን አጠበብኳቸው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ጣት፣ ግማሽ ጣት። ለብሳ ስትነሳ ልክ ይሆኗታል፤ አየሽ፣ አልከሳሽም እላታለሁ። ከራስጌዋ ደብተርና እርሳስ አይጠፋም ነበር፤ ውኃ ስትፈልግ፣ መስኮት ስታስከፍተኝ ትጽፍልኛለች። ለሐኪሙ ግን አንድ መስመር አልጻፈችም። ሃያ ዓመት የልብስ ሰፊ ሚስት ሆና የተጠበበ ጎን ሳታውቅ ቀረች ብዬ ማመን ይከብደኛል። ይህን ከዚህ በላይ አላወራውም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ሰኞ ዕለት ለእኔ ኬሞ ስንሄድ ታክሲው ውስጥ፣ ይበቃኛል መሰለኝ ብዬ በጆሮሽ ነግሬሽ ነበር። ሰምተሽኛል፤ ፊትሽን ወደ መስኮቱ ስታዞሪ አይቻለሁ። የምታክመኝ ሐኪም ፊት ስንቀርብ ግን ጥያቄዋን ሁሉ ቀደምሽኝ። አባዬ ደህና ነው፣ አፉም እየሻረለት ነው፣ ሾርባውን ይጨርሳል አልሽ። ሾርባውን የሚጨርሰው የመታጠቢያው ጉድጓድ ነው ልጄ። የእኔን ድምፅ ባንቺ አፍ ስሰማው ምን እላለሁ?

ከዚያ መድኃኒቱ ተሰክቶልኝ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያለው ጡረተኛ ሾፌር ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ አንተ ሰውዬ ምን እየበላህ ነው፣ ሱሪህ ልክክ ብሎልሃል፣ እኔ እኮ የእኔን በገመድ ነው የማስረው አለኝ። እጄን ወደ ወገቤ ሰደድኩ። ጣቶቼ ምንም አልነገሩኝም። ቤት ገብቼ አወለቅኩና መስኮቱ ሥር ገልብጬ አየሁት። ወገቡ ከኋላ ሁለት ጣት ሙሉ ገብቷል። ክር ሁለቴ ቋጪ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ ግን ከልጅነትሽ ልብሽ አላምን እያለ ሦስተኛ ትጨምሪያለሽ። ሦስት ቋጠሮ ቆጠርኩ። ሌሎቹንም ሱሪዎች አወጣኋቸው። ሁሉም።

አልተቆጣሁሽም። በምን አፌ? ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከእኔ ይበልጣል። ዘጠኝ ዓመት ከሰው የደበቅኩት ነገር ያለ አስተማሪ እጅሽ ላይ አድሮ ሳገኘው ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ የተሸከምኩትን አንቺም ዘጠኝ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ልትሸከሚው ነው አልኩ። ይህን ፈጣሪም አይወደውም፣ እናትሽም አትወደውም።

ምርቃቱን እዚህ ላይ ላድርገው፤ የሚቀጥለውን ካነበብሽ በኋላ አሜን ላትዪኝ ትችያለሽ። እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ የመርፌ ቀዳዳ አይጣ። የምትወጂው ሰው ሲናገር የምትሰሚበት ጆሮ፣ አንቺም ስትናገሪ የሚሰማሽ ሰው ይስጥሽ። ለመጪው ብርድ ካፖርት ልሥራልህ ብለሽ ያመጣሽውን ጨርቅ በራስሽ ልክ ቁረጪው፤ ቀለሙ ላንቺ ይሄዳል።

ትናንት ልብስ ልታስረክቢ ስትወጪ ያን የወገብ ስፌት ተረተርኩት። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ሰውነቴ ቀዝቃዛ ብረት አይችልም፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ያስደነግጠኛልና መቀሱን በፎጣ ጠቅልዬ ነው የያዝኩት። ሱሪው ስልቻ ሆነ። ወገቡን በአንድ እጄ ጨብጬ ታክሲ ያዝኩና ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ብቻዬን ስታየኝ ልጅዎስ አለችኝ። ዛሬ ራሴ ነኝ የምናገረው አልኳት። መጀመሪያ የእናትሽን መልእክት አደረስኩ፤ ባለቤቴ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይብቃኝ ብላ ነበር፣ ሳልናገርላት ቀረሁ አልኩ። እናትሽን አታውቃትም፤ ቢሆንም የምትጽፈውን ትታ እስክጨርስ ሰማችኝ። ቀጥዬ የራሴን ነገርኳት። አንቺ ታውቂ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገ በጽሑፍ ታውቃለች አልኩ። ማስታገሻ አዘዘችልኝ፤ በመጪው ሰኞ ሁለታችንን ታነጋግረናለች። ከዚያ ኬሞው ይቁም የሚለውን ወረቀት አቀረበችልኝ፤ ሱሪዬን ለቅቄ እስክሪብቶውን በሁለት እጄ ይዤ ፈረምኩ።

አባትሽ