ቤቱን አምጥቼዋለሁ

ቺሎዌ፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2018

ለምወድሽ ልጄ ለያስና፣

ፖርቶ ሞንት አክስትሽ ጋ ዕረፍቱ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ምን እንዳገኘው ከታች ታነቢዋለሽ፤ ዘለሽ እንዳታነቢ።

ከእኔና ከአባትሽ ከማን ጋር እንደምትኖሪ ለምትወስነው ዳኛ ብቻሽን የሰጠሽውን ቃል ሰምቻለሁ። አባቴ ጋ መኖር እፈልጋለሁ፣ ከእናቴ ደሴት ትምህርት ቤት ለመድረስ በጀልባ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብለሻል። ተቃውሞ ካለኝ እስከ ማክሰኞ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዘችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ በመንገድ ርዝመት ሊወስዱብኝ? ጥፋተኛው መንገዱ ከሆነ መንገዱን አሳጥረዋለሁ አልኩ።

በሬዎቹ ያሉት ጎረቤታችን ዶን ኦርላንዶ ጋ ሄጄ የእንጨት ቤታችንን እንዳለ ነቅሎ ማዶ የሚጎትት ደቦ ጠራሁ። «ባሕር አቋርጦ? ለአንዲት ኮረዳ ኩርፊያ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅኩትና ቀን ቆረጥን።

ትናንት ጠዋት ግድግዳውን ከውስጥ በአግዳሚ እንጨት አስረው፣ ምድጃውንና መስኮቶቹን አውጥተው፣ ቤታችንን በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬ እስከ ባሕሩ ጎተቱት። ቤት ባዶ ካልሆነ ይሰምጣል፣ አልጋውም ይውጣ አሉኝ። የአንቺን አልጋ አላስነካም አልኩ። ባሕሩ ሲሞላ በርሜል አሰሩበትና በሦስት ጀልባ እየተሳበ ተንሳፈፈ። መሀል ላይ ወደ አልጋሽ በኩል ዘመም ሲል ዶን ኦርላንዶ ከጀልባው ላይ ያልሰደበኝ ስድብ የለም። ግን ደረሰ።

ማዶ፣ ትምህርት ቤትሽና አባትሽ ካሉበት ከተማ ስንደርስ ዳገቱን የሚያስወጣ ጉልበት አነሰን። የከተማው ሰው ወርዶ ገመድ ያዘ፣ እኔም ያዝኩ፤ ወገቤም የተቀጨው እዚያ ነው። ዞር ስል ከኋላዬ አባትሽ ኤሊሴዎ ገመዱን ይዞ ቆሟል። በእኛ አገር ደቦ ላይ የመጣን ሰው ለምን መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ መጎተቴን ቀጠልኩ።

«ኤዲታ፣ ልጅቷን ወደ እኔ ያመጣት መንገዱ አይደለም» አለኝ ገመዱን ሳይለቅ። «እኔን ስትሰድቢ መስማት ሰልችቷት ነው። ይህን ለዳኛዋ ብትናገር አንቺን የምታሳጣ መሰላት።»

ያስና፣ እኔ ቤት ከነአልጋው ባሕር አሻግሬ የመጣሁት ሰው፣ እዚያው ጭቃ ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ። እኔን ለመሸፈን ብለሽ በመንገዱ አሳበብሽ። በጣም አፈርኩ።

ለደቦው ሰው በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የበሰለው ሥጋና ድንች ሲወጣ የመጀመሪያውን ሳህን ለእሱ ሰጠሁት። ሰው ሁሉ አየን። ይይ።

የዳኛዋን ወረቀት ዛሬ ተቃውሞ የለኝም ብዬ ፈርሜበታለሁ። አባትሽ ጋ ኑሪ። እናቴ ተሸነፈች ብለሽ ግን እንዳትደሰቺ። ቤቴ አሁን ከትምህርት ቤትሽ በታች ባሕሩ ዳር ቆሟል። ከበር እስከ በር አራት መቶ እርምጃ ነው፣ ከነታመመ ወገቤ ቆጥሬዋለሁ። ማርች ላይ ትምህርት ሲከፈት በየቀኑ ታዪዋለሽ። ዳኛም ሆነ በሬ ከዚያ አይነቀንቀውም። አልጋሽ ቦታው ላይ ነው፤ ቁልፉም ያው የድሮው ነው።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። እንደ እኔ ግትር ከመሆን ይጠብቅሽ፤ ትንሽ ብቻ ይተውልሽ፣ ይጠቅምሻል።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባትሽ መዳፉ ተልጦ እየደማ፣ ቤቱ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ገመዱን አልለቀቀም። ጥሩ ሰው ነው። ይኸው፣ ተናገርኩ።

እናትሽ ኤዲታ