የእማማ ቦሼ አንባር ከነአጃቢው

መቅዲዬ፣ ሶዶ ገብቼ ለቅርስ ጥበቃ ተሰማርቻለሁ።

ጠዋት ሙዚየም ውስጥ የድሮና የዘንድሮ የብር ሥራዎችን ስጎበኝ እማማ ቦሼ ለትርኢቱ ያዋሱትን አንባር ሊወስዱ መጡ። "የቤታችን ሴት ሁሉ እሱን አጥልቃ ነው የተዳረችው። የልጅ ልጄም ዛሬ ያለ እሱ አትዳርም!" አሉ። ጥበቃው ሚልክያስ "ቅርስ ያለ አጃቢ አይወጣም፣ እማማ" ብሎ በሩ ላይ ተገተረ።

"ታዲያ አጅበው! ሠርግ ያስፈራሃል እንዴ?"

የሙዚየሙ ኃላፊ ሳቋ አሸንፏት ፈቀደች፤ እማማ ቦሼም እኔን ጭምር ጠሩኝ።

አሁን ሠርጉ ላይ ሙሽራዋ መሐል ተቀምጣለች፤ በግራዋ ባሏ፣ አንባሩን ባጠለቀችበት በቀኟ ደግሞ ሚልክያስ ከነደንብ ልብሱ። እኔም ለቅርሱ ደኅንነት ስል ክትፎው አጠገብ ቦታ ይዣለሁ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። የቤታችሁን እማማ ሳሚልኝ፤ ሻንጣ ውስጥ የቀበሩትን ድሪ ያውጡት። ስመለስ አንገታቸው ላይ ሳላየው ከቤታችሁ ንቅንቅ አልልም።

ጥጋቡ